አያቴ ሰርቪስ ቤት ነው የምትገባው?

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ወደ አስፋልቱ ብቅ ያለ ሰው ጃኬት የደረቡ፣ የምሳ ዕቃቸውን ያንጠለጠሉ ሠራተኞችን በየጥጉ ቆመው ያያል። ምን እንደሚጠብቁ ቢጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ቃል ነው፤ «ሰርቪስ»። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሠራተኛ ሰርቪስ በከተማችን በርክቷል። ባለቤቴም ሰርቪስ ጠባቂ ነው። ሰርቪሱ ካመለጠው ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ ቃል ቁጭ ብዬ እንዳስብ ያደረገችኝ ግን አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ይርጋለም ብቻዋን ትኖር ነበር። ጉልበቷ እየደከመ ሲሄድ እኛ ጋ እንድትመጣ ወሰንን። ዋናው ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የልጃችን። ከጓሮ ደግሞ የራሷ መጸዳጃ ያላት አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። «ለእሷም ነፃነት ነው» ተባባልን። ቀለም አስቀባን፤ አዲስ ፍራሽ ገዛን። ከዚያም በደስታ ስልክ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሰርቪሱን ቀለም አስቀብተንልሻል። መምጣት ብቻ ነው የቀረሽ።»

ትንሽ ዝም አለች። ቀጥላ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለችኝ። ዝምታውን የኔትወርክ መቆራረጥ አድርጌ ወሰድኩት።

በዚያው ሳምንት የልጄ የእንግሊዝኛ መምህር የቤት ሥራ ሰጡ፤ «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል በአምስት የተለያየ ትርጉም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ። እራት ላይ ሆነን ሦስታችንም መቁጠር ጀመርን።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ የአባቷ አውቶቡስ። ሁለተኛው ከጎረቤታችን ባለ ባጃጅ አፍ የተገኘ ነው፤ «ባጃጄ ሰርቪስ ገብታለች» ሲል ዘይት ልትቀይር ነው ማለቱ እንጂ ሠራተኛ ልታመላልስ አይደለም። ሦስተኛው ስልካችን አልሠራ ሲል ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው «ኖ ሰርቪስ» ሆነ። አራተኛው ሆቴል ስንገባ ከሒሳቡ ሥር የሚጨመረው የሰርቪስ ክፍያ። ሰልፍ ሰርቪስ ሲሆን ግን ሳህኑን የሚያነሳው ራሱ ተመጋቢው ነው። ልጄ ይህ አስቋት «ራሴ ካነሳሁ ማን አገለገለኝ?» አለች።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ከዚህም ይሰፋል። የቤተ ክርስቲያን ጸሎትም ሰርቪስ ነው፤ ውትድርናም ሰርቪስ ነው፤ የሻይ ስኒዎችና ማንቆርቆሪያው አንድ ላይ ሲሆኑም ሰርቪስ ይባላሉ። በሜዳ ቴኒስ ጨዋታውን የምትጀምረው ምትም እንዲሁ።

«የእኛስ ሰርቪስ ቤት?» አለች ልጄ።

አስረዳኋት። ድሮም ቤት ሲሠራ ማዕድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና የሠራተኛዋ ክፍል ከኋላ ይሆናሉ፤ የሚያገለግሉ ሰዎች የሚውሉበት ስለሆነ ሰርቪስ ተባለ አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች። «አያቴ ልትሠራ ነው እንዴ የምትመጣው?»

ባለቤቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

ለራሴ መከራከሪያ አላጣሁም። እኔና ባለቤቴ ትዳር የጀመርነው በሰው ግቢ፣ በኪራይ ሰርቪስ ቤት ነው። ይህችው ልጅ የተወለደችው እዚያ ሳለን ነው። ስንት ተማሪ፣ ስንት ጎጆ ወጪ በሰርቪስ ቤት ተነስቶ ለወግ በቅቷል! ነውር የለበትም። ግን ያንን ቤት የመረጥነው እኛው ነበርን። እናቴን ግን ማንም አልጠየቃትም። ተወስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አልቆ ነው የተነገራት።

ማታ የቃሉን አመጣጥ ለማወቅ ፈለግሁ። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ የወሰደው ሲሆን፣ ሥሩ በላቲን «ሰርቩስ» ነው፤ ባሪያ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩትን ካህናት «አገልግሎት ላይ ናቸው» ስንል በአክብሮት ነው። አገልግሎት ሰውን ዝቅም ከፍም ያደርጋል።

በማግሥቱ ደወልኩ። «እማዬ፣ ስትመጪ የት ብትሆኚ ደስ ይልሻል?»

ቶሎ አልመለሰችልኝም። መጀመሪያ የልጅቷን የቤት ሥራ ነገርኳትና ሳቀች። «ሰርቪስን እኔ ከእናንተ በፊት ነው የማውቀው» አለች። በ1957 ዓ.ም. ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ይባል ነበር። ለእናቴም እንግሊዝኛ ያስተማራት እንዲህ የመጣ ወጣት ነው። «እየዞረ ሁላችንንም በስማችን እየጠራ ደብተራችንን ያርም ነበር። ለእኔ ሰርቪስ ማለት እሱ ነው፤ እኛ ድረስ የመጣ ሰው» አለችኝ።

ቀጥላም የልቧን ተናገረች። «ክፍሉን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ። ግን ሌሊት ሳስል ከጓሮ ማን ይሰማኛል?»

አሁን እናቴ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። ሁሉም ነገር ማር ሆነ አልልም። እናቴ ለጸሎት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ መብራት ታበራለች፤ ልጄ ብርድ ልብሱን ተሸፋፍና ታጉረመርማለች። የጥናት ጠረጴዛዋን ወደ ጓሮ ክፍል አዛውረናል፤ ስሙም «ማጥኛ ቤት» ሆኗል። የልጅ ጫጫታ የሚረብሻቸው፣ የራሳቸው በር እንዲኖራቸው የሚፈልጉ አያቶችም አሉ፤ ለእነሱ የጓሮው ክፍል ይሻላቸው ይሆናል። እኔ የማወቀው፣ ጥያቄው ከቀለሙ በፊት መምጣት እንደነበረበት ነው።

ልጄ አምስተኛውን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ስለ አያቷ መምህር ነው። መምህሯ ከጎኑ «ይህን ማን ነገረሽ?» ብለው ጽፈውበት መጣ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሁላችንም ቀድማ የምትነቃው እናቴ ናት። ባለቤቴ ጫማውን ሲያስር ከሳሎን ድምጿ ይሰማል።

«ልጄ፣ ተነስ እንጂ! ሰርቪስህ እንዳያመልጥህ።»