ያልገባው ደመወዝ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከመስከረም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጨምር ከተነገረ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ይደርሳል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምረው ከ6,940 ወደ 11,500፣ ጣሪያው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000። ዛሬ ለተማሪ ምዝገባ ትምህርት ቤት የተገናኘን መምህራን ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንዷ ሶፋ ልትለውጥ ነው፣ አንዱ ስልክ ሊገዛ፣ ሌላዋ ለልጇ ልደት ልትደግስ። ብሩ እጃችን ሳይገባ አከፋፍለነው ጨርሰናል።

እኛም ቤት ያው ነው። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን መለወጥ ያስባል፣ እኔ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን አስቤያለሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው። የእኔ ደመወዝ ከ12,000 ወደ 17,000 ብር ይወጣል። ታዲያ 5,000 ብር እጄ ይገባል ማለት አይደለም። በዘንድሮው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታ 7 በመቶ ይወስዳል። ሲጣራ ከጭማሪው ለቤታችን የሚተርፈው 3,000 ብር ነው። በሐሳባችን የገዛናቸው ዕቃዎች ከ30,000 ብር በላይ ናቸው።

ከዚያ ዕዳችንን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። ከስልክ የተወሰደ ብድር 6,000። የሱቅ ዱቤ 4,300። ከባለቤቴ እህት የተበደርነው 8,000። እቁቡን በሰኔ ስለወሰድን በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ብር እስከ ጥር እንጥላለን፤ እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ተበዳሪ ነው፣ ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። አራቱን አብረን አይተናቸው አናውቅም ነበር።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

ለበዓል ሽንኩርትና ዘይት ፍለጋ ጠዋት እሑድ ገበያ ወጣሁ። አየር ጤና አደባባይ አካባቢ በበዓል ዋዜማ ሰው ለሰው አይተላለፍም። በመንገዱ ዳር ጫማው፣ ብርጭቆው፣ የልጆች ልብሱ ተዘርግቷል፤ ሻጩ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ዛሬ ውሰጂው፣ ነገ ይጨምራል»።

ይህን አባባል ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም፤ እውነት አለበትና። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ይህን ያየ ሰው ብር ይዞ መቀመጥን ይፈራል፤ ጤፉንና ዘይቱን ቀድሞ የሚገዛው ልቡ ስለሸፈተ አይደለም። ለወር የሚሆን ዘይት ገዛሁ፤ ደግ አደረግሁ።

ግን ይኸው ክርክር ከዘይቱ ተነሥቶ ወደ ብርጭቆው ይሻገራል። ስድስት ብርጭቆ አንሥቼ ነበር። እጄ ላይ ሆኖ ያን ማታ የሠራነውን ሒሳብ አሰብሁት። ዘንድሮ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ15 በመቶ በታች ነው። የስልኩ ብድር ግን በወር ለ6,000 ብር 360 ብር ያስከፍላል፤ በወር 6 በመቶ ነው፣ እየታደሰ ዓመት ቢዘልቅ 72 በመቶ። ብርጭቆው በዓመት ውስጥ ዋጋው ሩብ ያህል ቢጨምር እንኳ በብድር ከመግዛት ቆይቶ በእጅ ባለ ብር መግዛት ይረክሳል። አስቀምጬው ሄድሁ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017

ስለ ስልኩ ብድር ከባለቤቴ ጋር ዛሬም አወራን። በግንቦት ሲታመም ማታ ላይ ለምርመራና ለመድኃኒት ብር ያስፈልገን ነበር፤ መያዣ የለ፣ ዋስ የለ፣ ቁጥር ነክተን ወሰድን። ያን ሌሊት ጠቅሞናል፤ ይህን ውለታ አልክድም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ደመወዝ ሲገባ ዕዳው በራሱ ይቆረጣል፣ ቀሪው ወሩን አያደርስም፣ በማግሥቱ ያንኑ 6,000 እንደገና እንወስዳለን። በግንቦት፣ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ 360፣ 360 ከፍለን 1,440 ብር ሄዷል፤ ከዋናው ግን አምስት ሳንቲም አልጎደለም።

አገልግሎቱ አገር ውስጥ ከገባ ብዙ አልቆየም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር መላኪያና መክፈያ ነበር፤ በ2014 ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የሚለው ብድር፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የሚለው ቁጠባ መጡ። ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸውን አምጥተዋል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» አለው። ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠዋት ቲማቲም ገዝታ ማታ ሸጣ የምትመልስ ሴት ያን ክፍያ ከትርፏ ትሸፍናለች። ከደመወዝ በቀር ገቢ የሌለን ግን በምን እንሸፍናለን?

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ስናወራ እዚያ ያሉ ብዙ አበሾች በክሬዲት ካርድ ዕዳ መያዛቸውን ነገረችኝ። የካርዱ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ሰው ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈለ ዓመታት ይቆያል። እሷ የወጣችበት መንገድ ቀላል ነው፤ ወለዱ የሚበዛውን ቀድማ ዘጋች፣ ካርዱንም ከቦርሳዋ አወጣች። የእኛን ሒሳብ ስነግራት ዝም አለችና፣ «አንቺ፣ የእናንተማ ከኛ ይብሳል» አለች።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018

እንቁጣጣሽ። ዶሮ አንድ፤ አምና ሁለት ነበር። ልጆቹ አዲስ ልብስ አልለበሱም፣ ትንሿ ትንሽ አኮረፈች፤ አበባዋን ይዛ ጎረቤት ስትዞር አለፈላት።

ሐሙስ፣ መስከረም 8 ቀን 2018

የግቢያችን ሰዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ለመሄድ ዕቃ እያሰሩ ነው። የወልቂጤና የጅማ መንገድ በአየር ጤና ስለሚያልፍ በዚህ ሰሞን ሰፈራችን ሻንጣና ጥቅል የያዘ ሰው ይሞላዋል።

ጎረቤቴ ጉራጌ ናቸው። ቡና ላይ ለክትፎው የሚሆነው ቅቤ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። በአገራቸው ሴቶች የቅቤ እቁብ አላቸው፤ ከላማቸው የተገኘውን ቅቤ በየጊዜው ለአንዷ እያዋጡ ይሰጣሉ፣ በዓመቱ ዙሩ ሁሉንም ያዳርሳል። ወንዶቹም ለሰንጋው እንዲሁ ዓመቱን ሙሉ ያስቀምጣሉ። የመስቀል ድግስ ሲታይ ያለ ልክ የሚፈስ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ቅቤ ከበዓሉ በፊት የተከፈለ ነው። እሳቸው «ተበድሮ መስቀል የሚያከብር ሰው ከመስቀል በኋላ ምን ይበላል?» አሉኝ።

እኔ ያደግሁት በዓል ሲመጣ ብር በሚፈለግበት ቤት ነው። ልዩነቱ የገቢ ማነስ ብቻ አይደለም። የቅቤ እቁቡን ሌሎች ሴቶች ያዩታል፤ ያልሰጠች ትጠየቃለች። በስልክ የወሰድሁትን 6,000 ብር ግን ከእኔና ከባለቤቴ በቀር ያየው የለም።

ዓርብ፣ መስከረም 30 ቀን 2018

ደመወዝ ገባ፤ ጭማሪውም አለበት። ማታ ወረቀቱን አውጥተን ተከራከርን።

ባለቤቴ መጀመሪያ የሱቁ ይዘጋ አለ። ስሜቱ ይገባኛል። ባለሱቁ የስልጤ ልጅ ነው፤ ደብተሩን ሲገልጥ ገጻችን እየሞላ ሲሄድ ያየዋል፣ እኛም ሲያይ እናየዋለን። ወለድ ስለማይበላ ለዱቤ ዋጋ አይጨምርም። የስልኩ ብድር ዓይን የለውም፤ ማታ ጋቢ ለብሶ ተኝቶ ይወሰዳል። ስለዚህ በየወሩ የምንጨነቀው ምንም ለማያስከፍለን ዕዳ ነበር፤ 360 ብር የሚበላውን ዝም ብለን እናድሰው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው በወለድ ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። ሕጉ ባንኮችን አይመለከትም፤ ልኩን ለማወቅ ግን ይረዳል፤ እኛ ያንን በሁለት ወር እንከፍላለን።

ተስማማን። 6,000ው ሲመለስ እንደገና የምንወስደው 3,500 ብቻ ይሆናል። ለሱቁ 500። ከሱቁ ከእንግዲህ በዱቤ አንወስድም።

ባለሱቁ ጋ ራሴ ሄጄ ነገርሁት። ሊቆጣ ይችላል ብዬ ነበር። «ቲቸር፣ የኔን ቀስ ብለው ይክፈሉ፤ ወለድ ያለውን ይጨርሱ» አለና 500ውን ጻፈ። ለሰው መናገር የሚያቀልለውን ያህል ወረቀት ላይ መጻፍ አያቀልልም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018

ገንዘብ የሚያወጣብኝ ገበያው ሳይሆን ስልኩ መሆኑን እያየሁ ነው። የቴሌግራም የዕቃ መሸጫ ቻናሎች ማታ ማታ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ «ውስን ፍሬ ነው የቀረው»፣ «ያሉበት እናደርሳለን»። ዕቃውን የሚያሳየኝ፣ ብሩን የሚከፍለው፣ ብር ከሌለም የሚያበድረው ያው አንድ ስልክ ነው። ድሮ መርካቶ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይጠፋል፣ ታክሲ ይጋፋሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ብዙ ጊዜም ሳይገዙ ይመለሳሉ። ያ ድካም ይጠብቀን እንደነበር አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ድካሙን በራሳችን ላይ መልሰነዋል። የወሩን አስቤዛ፣ የታክሲና የልጆቹን ብር በጥሬው አውጥተን በየፖስታው እናስቀምጣለን፤ ስልኩ ላይ የሚቀረው ለመብራትና ለውኃ የሚሆነው ብቻ ነው። ቻናሎቹን ዘግቻቸዋለሁ። ከምግብና ከመድኃኒት ውጭ የሆነ ነገር ያማረው ሰው ቁም ሣጥኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ዕቃውንና ዋጋውን ጽፎ ሦስት ሌሊት ያሳድረዋል። ልጆቹም ይጽፋሉ። እስካሁን ከተጻፉት አብዛኛዎቹን ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ የሚያነሣቸው ጠፍቷል። ከቀሩት አንዱ የትልቁ ልጄ ጫማ ነው፤ የቀድሞው ስለተቀደደ ተገዛለት። ሁለተኛው ምጣድ ነው፤ የኛው ስለተሰነጠቀ የግድ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018

ከመንገድ ማዶ ልቅሶ ነበር። የዕድሩም፣ የመዋጮውም ተከፍሏል። ቁጠባ ሲነሣ «ማኅበራዊ ወጪ ቀንሱ» የሚል ምክር እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ባለቤቴ ሲታመም የደረሱልን እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሠርግ ላይ አንድ ዓይነት ቀሚስ ማሰፋት ይቅር፤ ለልቅሶ የሚዋጣው አይቅር።

የዚህ ወር ሒሳብ፦ 3,500ው ከ210 ብር ክፍያ ጋር ተመለሰ፣ 1,500 ተወሰደ። ለሱቁ 1,000።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018

ትናንት በትምህርት ቤት የሻይ ሰዓት አንዲት ባልደረባዬ በሁለት ቦታ ከስልክ መበደሯን፣ በአንዱ ወስዳ ሌላውን እንደምትከፍል በለሆሳስ ነገረችኝ። ጭማሪው የት እንደገባ አታውቅም። ለባሏ አልነገረችም። የእኛን ወረቀት በስልኬ አሳየኋት፤ ዕዳው፣ አጠገቡ የወሩ ክፍያ፣ አጠገቡ የሚዘጋበት ወር። ዛሬ ማታ ከባሏ ጋር ልትጽፍ ቃል ገብታልኛለች።

እንደሷ ያላችሁ መምህራን፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሠራተኞች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሚቀጥለው ደመወዝ ከመግባቱ በፊት ያለባችሁን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉት፣ በየአንዳንዱ ፊት በወር የሚያስከፍለውን አስቀምጡ፣ ለቤታችሁ ሰው አሳዩት። ክፍያው ከሚበዛው ጀምሩ፤ እንደገና ስትወስዱ ካለፈው አሳንሳችሁ ውሰዱ።

የስልኩ ብድር በዚህ ወር ደመወዝ ተዘግቷል፤ 1,500ው ከ90 ብር ክፍያው ጋር ተመልሷል፣ እንደገና አልተወሰደም። ሱቁ 1,300 ተከፍሎት 1,500 ይቀረዋል፤ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። እቁቡ እስከ ጥር ነው። የባለቤቴ እህት እስከ ፋሲካ ታገሠችን።