ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ሰው ስለ ራሱ ስሕተት ሲጽፍ ብዕሩ ይከብደዋል። እኔም ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼው ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ የእኔ ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተር የምንማር ሁላችን ነገ ልንወድቅበት የምንችል ጉድጓድ ሆኖ ስላገኘሁት፥ እነሆ ጻፍሁት።

አጎቴ መርካቶ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሁለት መደብር፥ አንድ መጋዘንና 12 ሠራተኞች አሏቸው። የሽያጩና የዕቃው መዝገብ በአንድ ሰርቨር እንዲጠቃለል በፈለጉ ጊዜ አንድ አቅራቢ ፕሮፎርማ አመጣላቸው። ፕሮፎርማው ለሰርቨሩ ሶፍትዌር ከሚከፈለው ሌላ፥ ሰርቨሩን ለሚጠቀም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው ፈቃድ እንዲገዛ ይጠይቅ ነበር። ሒሳቡም በዶላር ነው። ጊዜው የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ስለ ነበር፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። አጎቴ ወረቀቱን አጣጥፈው፥ «እስቲ አንተ የተማርኸው፥ ምን ትለኛለህ?» አሉኝ።

እኔም ይህን ጥያቄ ስናፍቅ የኖርሁ ሰው ነበርሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ በሔልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ሳለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ሊኑክስን እንደ ጀመረ፥ ምንጭ ኮዱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ እንደ ለቀቀው፥ ዛሬ የታላላቆቹ ኩባንያዎች ሰርቨሮች እንኳ በእርሱ እንደሚሠሩ ነገርኋቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው አልሁ። ቀጥዬም፥ «ጋሼ፥ በዚህ ሁሉ ዶላር የሚገዙት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ዕቃውን አይደለም። ውስጡን አያሳዩዎትም፤ ዋጋ ቢጨምሩ ወይም ድጋፍ ቢያቆሙ መሄጃ የለዎትም። ቁልፉን በኪሳቸው ይዘውብዎት ይኖራሉ» አልኋቸው። አመኑኝ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ዴቢያንና ፖስትግሬስ ጫንሁ፤ የንብረቱን መዝገብ አስገባሁ፤ በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲወሰድ አዘዝሁ። ለሶፍትዌሩ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም። ክረምቱ አልቆ ወደ ግቢ ስመለስ የነበረኝ ኩራት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በጥር ወር፥ በፈተናችን ሳምንት፥ ሰርቨሩ ቆመ። ምክንያቱ ተራ ነገር ነበር። ቅጂው የሚቀመጠው በዚያው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ነበር፤ አሮጌው እንዲሰረዝ ትእዛዝ አልሰጠሁም ነበርና በየሌሊቱ ሲከማች ሲከማች ዲስኩን ሞላው። ይህን ማስተካከል የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ስልኬ ተዘግቷል፤ የይለፍ ቃሉ በእኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ በወረቀት የጻፍሁት አንድ መስመር የለም። የጠሩትም ባለሙያ ያለ ይለፍ ቃሉ አልነካም ብሎ ሄደ። ሠራተኞቹ ሦስት ቀን በካርቦን ወረቀት ሲሸጡ ሰነበቱ። የሒሳብ ሠራተኛይቱ ያንን ሁሉ ደረሰኝ በኋላ አንድ በአንድ ስታስገባ ሁለት እሑዷን ሠዋች።

በአራተኛው ቀን ስደርስ አጎቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አስመጥተውልኝ፥ «ልጄ፥ ኩባንያው ቁልፉን በኪሱ ይዞብዎት ይኖራል ብለኸኝ ነበር፤ አሁንስ ቁልፉ በማን ኪስ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ማመዛዘን ጀመርሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ውስጥ ኸርትብሊድ የተባለው ስንጥቅ በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተገኘ፤ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ስንጥቁ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሯል። ክፍት በር ማለት የሚጠብቅ አለ ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ተባይ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በብዙ አገር አሰረ፤ ማይክሮሶፍት ግን ማረሚያውን ከሁለት ወር በፊት፥ በመጋቢት፥ አውጥቶት ነበር። ገንዘብ መክፈልም ማረሚያውን የሚጭን ሰው አይወልድም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፥ ሁለቱም ዘንድ የሚያስፈልገው ነቅቶ የሚጠብቅ ባለቤት ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የደረስሁበት ይህ ነው። ክፍቱ ሶፍትዌር ያለ ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው የሌለውና ሊቀጥርም የማይችል ነጋዴ፥ ወይም የሒሳብ ፕሮግራሙ በዝጉ ላይ ብቻ የሚሠራለት፥ ከነድጋፉ ቢገዛ አልነቅፈውም። የተሰረቀ ቅጂ ከሚጭን ግን ከሁለቱም ቢርቅ ይሻለዋል፤ ድጋፍም ምንጭ ኮድም የለውምና። ሰው ላለው ግን እኔ ዛሬም ክፍቱን እመርጣለሁ፤ ለፈቃድ በዶላር ይወጣ የነበረው ገንዘብ በብር ሆኖ ለአገር ልጅ ደመወዝና ትምህርት ይውላልና።

አጎቴም ሰርቨሩን አላወጡትም። እኔ ግን 9 ገጽ መመሪያ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ቅጂው በሌላ ዲስክና ከመደብሩ ውጭ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ የይለፍ ቃሉም ታሽጎ በካዝናቸው ገባ። የሒሳብ ሠራተኛይቱን በየቅዳሜው አስተማርኋት። ባለፈው ወር ከቅጂው መዝገቡን መልሳ ስትሞክር እኔ ከኋላዋ ቆሜ አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ አላስፈለገኝምም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዝግ ኮድ የሚሸጡትን ስንነቅፍ፥ ጭነን፥ ተመስግነን፥ ሳንጽፍና ሳናስተምር የምንሄድ እኛም ዝግ መሆናችንን እንዳንረሳ አደራ እላለሁ።