መባውን ትቶ መሄድ

በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያዛል። ሰውም ወደ ቀኙ ወደ ግራው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ለብዙው ሰው ቀላል ነው፤ አጠገቡ የቆመው ያልተጣላው ሰው ነውና። የተጣላውማ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።

ይህ በስደት ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቀልድ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ሲለዩ፣ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ጳውሎስ ሲሾሙ፣ ልዩነቱ ባሕር ተሻግሮ መጣ። በአሜሪካ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስ፣ ከዚያም «ገለልተኛ» የሚባሉ አጥቢያዎች ተፈጠሩ። በሃይማኖት ቅንጣት ያልተለያዩ ሰዎች የማን ስም በጸሎት ይነሣ በሚል ተለያዩ። ፖለቲካውም ቤንዚን ጨመረበት።

ኮሎምበስን በመሰለ ከተማ ነገሩ ይብሳል። ሐበሻው ብዙ ቢሆንም መገናኛው ጥቂት ነው፤ በእንጀራ መሸጫው ይተያያል፣ በመጋዘኑ በአንድ ፈረቃ ይገባል፣ ለቅሶም አብሮ ይደርሳል። ታዲያ ከሙስሊሙ ሱማሌ ጎረቤቱ ጋር ሻይ እየጠጣ በፍቅር የሚኖር ምእመን፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለትን የጥንት ወዳጁን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሰው ሲሞት ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ጸሎተ ፍትሐቱ በየትኛው አጥቢያ ይድረስ እየተባለ ሐዘንተኛው ቤተሰብ በሁለት ወገን ይጎተታል።

«ጥፋቱ የእሱ ነው፣ እሱ ይምጣ» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ጌታ ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ ያዘዘው የተቀየመውን ሰው አይደለም፤ ወንድሙ የተቀየመበትን ነው። ማን ትክክል እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቀም። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በ12ኛው ምዕራፍ ከሁሉ ጋር በሰላም መኖርን ሲያዝ በሚቻለው መጠንና በራስ በኩል ብሎ ወስኖታል። ሌላው እምቢ ሊል እንደሚችል ያውቃል ማለት ነው። ሰላም ሲባል እውነትን መዋጥ ነው የሚሉም አሉ፤ ቀኖና ተጥሷል ብሎ የሚከራከር ሰው ክርክሩን ይዞ ሰላምታ መስጠት ግን ማን ከለከለው?

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ውግዘቱን አንሥተው አንድ ሆኑ። ማን አሸነፈ ሳይባል የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እንዲነሣ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ ተስማሙ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀ ጠብ ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ወር ሀገራቸው ገቡ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም.ም እዚያው አረፉ።

አባቶች ያነሡት በወረቀት የሰፈረውን ውግዘት ነው። ያ ልጅ ዛሬ አድጎ ኮሌጅ ገብቷል። ክርስትና ያነሣው ሰው አሁንም ኮሎምበስ ነው፤ ስልኩንም አልቀየረም።