ዘግይቶ የተፈታ አንደበት

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህን አባባል እውነትነት እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ተብታባ ነኝና። መምህሩ ስሜን ጠርቶ ሲጠይቀኝ፥ መልሱን እያወቅሁ የመጀመሪያው ፊደል ከከንፈሬ አልላቀቅ ይላል። ጓደኞቼ ይሥቃሉ፤ እኔም እቀመጣለሁ። ስለዚህ ዝም ማለትን ለመድሁ።

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ሲያዳምጥ፥ የአንዱ ዘፋኝ ድምፅ ማረከኝ። ስሙ ቢል ዊዘርስ ነው። ታሪኩን ፈልጌ ባነበብሁ ጊዜ ግን ከዘፈኑ ይልቅ ሰውየው አስደነቀኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ቢል ዊዘርስ በ1938 ዓ.ም. በዌስት ቨርጂኒያ፥ ስላብ ፎርክ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበር፤ በባሕር ኃይል 9 ዓመት ሲያገለግልም ይህ ችግር አልለቀቀውም። እስከ 28 ዓመቱ ድረስ እንደ ታገለው ራሱ ተናግሯል።

ከዚያም በካሊፎርኒያ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፥ ከደመወዙ እየቈጠበ ዘፈኖቹን አስቀረጸ። የመጀመሪያው አልበሙ በ1971 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ፤ በሽፋኑ ላይም የምሳ ዕቃውን እንደ ያዘ ይታያል። በዚያው ዓመት «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የተባለው ዘፈኑ በአሜሪካ የዘፈኖች ሠንጠረዥ 3ኛ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. «ሊን ኦን ሚ» 1ኛውን ደረጃ ያዘ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ከግሮቨር ዋሺንግተን ጋር የሠራው ዘፈን 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ግን በ2020 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሌላ አዲስ አልበም አላወጣም።

ብዙ ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። እርሱ ዝም ያለው የሚለውን ብሎ ከጨረሰ በኋላ፥ በገዛ ፈቃዱ ነው። እኔ ግን ዝም የምለው ገና ሳልጀምር፥ ሣቅን ፈርቼ ነው። ሁለቱ ዝምታዎች ምንኛ ይራራቃሉ!

ስለዚህ ባለፈው ወር ማንም ሳይጠራኝ እጄን አወጣሁ። ግማሽ ገጽ አነበብሁ፤ ሦስት ቃላት ላይ ተያዝሁ፤ የሣቁም ነበሩ። ቢሆንም እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ሳልቀመጥ ጨረስሁ።

የትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ተብታባ ጓደኛችሁ ሲናገር ቃሉን እናንተ አትጨርሱለት። ጥቂት ታገሡት፤ የሚለው አለውና።