ተከራይና ወታደር

ሰው በዚህ ዓለም ላይ ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ምግብ፣ ልብስና መጠለያ መሆናቸውን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ መምህራኖቻችን አስተምረውናል። ምግብና ልብስ ከተገዙ በኋላ የገዛው ሰው ንብረት ይሆናሉ። ሦስተኛው ግን ለብዙዎቻችን የራሳችን አይደለም፤ በየወሩ እየተከፈለበት የሚኖሩበት የሰው ቤት ነው። ስለዚህ እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ተከራይ ኑሮ፣ ይልቁንም እኛ በምንኖርበት በቢሾፍቱ ከተማ ከአየር ኃይል ጦር ሠፈር አጠገብ ስላለው የተከራይ ኑሮ፣ ያየሁትንና የተረዳሁትን ባጭሩ ለመጻፍ ወደድሁ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ለብዙ ዓመታትም ደብረ ዘይት ስትባል የቆየች ከተማ ናት። እንግዳ ሰው ስሟን ሲሰማ የሚያስበው ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን፣ እነዚህንም የመሳሰሉ ሐይቆቿን ነው፤ ነጋዴ ሰው ደግሞ የአድአን ጤፍ ያስባል። እኛ ነዋሪዎቿ ግን ከሐይቆቹና ከጤፉ እኩል የምናውቀው አየር ኃይልን ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ የአገራችን አየር ኃይል እንደገና ሲቋቋም ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በዚሁ በቢሾፍቱ ነበር። ስዊድናውያን መምህራንን ይዘው የመጡት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀልን አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኞችን የረዱ ሰው ነበሩ።

አንድ አውሮፕላን ወደ ሰማይ ይወጣ ዘንድ ብዙ ሰው በምድር ላይ መሥራት አለበት። አብራሪው ጥቂት ነው፤ ሜካኒኩ፣ ዘበኛው፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጸሐፊው ግን ብዙ ነው። ይህም ሁሉ ሰው ሚስትና ልጆች ያሉት ስለ ሆነ፣ ከአጥሩ ውስጥ ቤት ያልደረሰው ከአጥሩ ውጭ ይከራያል። ከዚህም የተነሣ በጦር ሠፈሩ ዙሪያ ያለው መንደር የአከራይና የተከራይ መንደር ሆኗል። ቦታ ያለው ሰው ከዋናው ቤት በስተ ኋላ በተርታ ክፍሎች ሠርቶ ያከራያል፤ ወታደሩም፣ እንደኛ ያለው ሲቪሉም በነዚያ ክፍሎች ጎን ለጎን ይኖራል።

የኛ ግቢ እንዲህ ያለ ነው። ከፊት ያለው ቤት የባለቤቷ ሲሆን፣ እኛ ልጆቹ ሁሉ እማማ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት ይኖሩበታል። ከኋላ ካሉት አራት ቤቶች በአንደኛው እኛ እንኖራለን፤ አባቴ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በሁለተኛው አንድ አሥር አለቃ ከነቤተሰቡ ነበረ። በሦስተኛው ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች፣ በአራተኛው አንዲት ነርስ ይኖራሉ። ከቤት ወደ ቤት ሲኬድ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ጉራጊኛ ይሰማል፤ የኔም ታናሽ እኅት ሦስቱን ቀላቅላ ትናገራለች።

ቤቱ አምስት ቢሆንም ቆጣሪው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ የግቢው በርም አንድ ነው። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። የመብራቱ ሒሳብ በአምፖልና በምጣድ ቁጥር ይከፋፈላል። እንጀራ የሚጋገርበትም ቀን ለእያንዳንዱ ቤት ተለይቷል፤ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢሰካ ፊውዙ ይቃጠላልና። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሌሊት የቧንቧውን ድምፅ የሰማ ሰው ሌሎቹን መቀስቀስ ደንብ ነው። ይህንንም አገልግሎት ብዙውን ጊዜ የሚፈጽመው ከሌሊት ተረኛነት የሚመለሰው አሥር አለቃ ነበረ፤ ጫማውን ሳያወልቅ በየመስኮቱ እየዞረ «ውሃ መጥቷል!» ይል ነበር።

ከጦር ሠፈር አጠገብ መኖር የራሱ የሆነ ልማድ አለው። ገና ሳይነጋ ሠልጣኞች እየዘመሩ ሲሮጡ ይሰማል፤ በመንደራችን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅስ ሰዓት የሚገዛ ተማሪ የለም። አውሮፕላን በሚነሣበት ጊዜ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል፤ በረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎችም ይንጫጫሉ። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ደንግጦ ሲነሣ፣ በመንደሩ የተወለደ ሕፃን ግን ከእንቅልፉ አይነቃም። መምህራችንም ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ ጠመኔውን ይዞ ይጠብቅና ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። በአጥሩ አጠገብ ፎቶግራፍ አናነሣም። በአጥሩ ውስጥ ስለሚሠራውም ነገር ጎረቤቶቻችንን አንጠይቅም፤ እነርሱም አይነግሩንም። ስለ ወጥ፣ ስለ ልጆች ጠባይና ስለ ጤፍ ዋጋ ግን የማናወራው ነገር የለም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ዝምታው ይከብዳል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በዚህ መንደር ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ከሦስቱ እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ነው። በዚያን ጊዜ እናቴና የአሥር አለቃው ሚስት ማታ ማታ አብረው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ስለ ጦርነቱ ሲያነሡ አልሰማሁም፤ ነገር ግን ሰውዬው ወጥቶ በቆየባቸው ወራት ሁሉ እናቴ አንድም ማታ ብቻዋን አልተወቻትም።

ይህን ያህል ካልሁ ዘንድ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብዙ ሰዎች ወታደርና ተከራይ የማይገናኙ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስመለከታቸው በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በሌላ ሰው ቃል ይነሣሉ። ወታደሩን «ተዛውረሃል» የሚል ወረቀት ያስነሣዋል፤ ተከራዩን «ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚል ቃል ያስነሣዋል። የአሥር አለቃው ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ሲሆን፣ ወደ እኛ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በሦስት ትምህርት ቤቶች ተምሯል። በዚህ ዓመት በኅዳር ወር አባቱ ስለ ተዛወረ አራተኛውን መሸኛ ይዞ ሄደ። መሸኛውን ሊያወጣ በሄደበት ቀን አብሬው ነበርሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስትሰጠው አንብቦ አልጨረሰውም፤ አጥፎ በኪሱ ከተተውና «የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ የሚለወጠው የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ነው» አለኝ።

እርሱ በሄደ በወሩ ተራው የኛ ሆነ። በታኅሣሥ ወር እማማ አባቴን አስጠርተው፣ 4,500 ብር የነበረው ኪራይ ከሚመጣው ወር ጀምሮ 7,000 እንደሚሆን፣ ይህንንም የሚከፍል ሌላ ሰው መገኘቱን ነገሩት። አባቴ «ይሁን፣ አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። በዚያን ማታ እራት ሲበላ ብዙ አልተናገረም። ከመንደሩ ብንወጣ የአባቴ ፋብሪካ፣ የእናቴ ዕድርና የኔ ትምህርት ቤት ሁሉ ይርቁብን ነበር፤ እኔም በዓመቱ አጋማሽ መሸኛ ማውጣት ነበረብኝ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ በእማማ ላይ እንዳይፈርድ እለምናለሁ። እርሳቸውም የዚሁ የጦር ሠፈር ልጅ ናቸው ለማለት ይቻላል። ባለቤታቸው የአየር ኃይል ሜካኒክ ነበሩ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ እማማ አዲስ ሙሽራ ሆነው በኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ኪራያቸውን ለቀበሌ እየከፈሉ ቆዩ። ባለቤታቸው ለሶማሊያው ጦርነት ወደ ምሥራቅ በተላኩ ጊዜም በዚያች የቀበሌ ቤት ሁለት ልጆች ይዘው ጠበቋቸው። የኋላ ክፍሎቹን ያሠሩት በጡረታ ጊዜያቸው ነው። ዛሬ ባለቤታቸው የሉም፤ የጡረታው ገንዘብ ለመድኃኒታቸው እንኳ አይበቃም። እኛ ኪራይ የምንለው ለእማማ እንጀራ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የመልካም ሰውና የክፉ ሰው ክርክር አልነበረም፤ የሁለት ችግረኞች ክርክር እንጂ። እንዲህ ያለውን ክርክር ሊያስታርቅ የሚችለው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። የዕድራችን ዳኛ ከነርሷ ጋር ሆነው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእማማ ቤት ቡና ተፈልቶ ተነጋገሩ። ነርሷም ስለ አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አነሣች። ይህ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ የሚከፈለውም ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የኛ ውል ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በቃል ብቻ የቆመ ነበረ። የዕድሩ ዳኛ ይህን ሲሰሙ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው እኔን ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡኝ።

በመጨረሻ ኪራዩ 5,500 ብር እንዲሆን፣ ውሉም ለሁለት ዓመት እንዲጸና ተስማሙ። አባቴ የሁለት ወሩን አስቀድሞ ሊከፍል ቃል ገባ፤ እማማም ገንዘቡን ለሕክምናቸው አዋሉት። 5,500 ብር ለአባቴ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ለእማማም ቢሆን ሌላው ሰው ሊከፍላቸው ከነበረው ያነሰ ነው። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት አጡ፤ ነገር ግን እማማ ሲታመሙ ሌሊት የሚጠሩትን ሰው አላጡም፤ እኛም ጎረቤቶቻችንን አላጣንም።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ይህ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ የሰው ቤትም ለተከራዩ ሀብት አይሆነውም። ጎረቤት ግን ይሆነዋል። ጎረቤትነት በካርታ የሚሰጥ ንብረት አይደለም፤ ውሃ ሲመጣ በመቀስቀስ፣ የሌላውን ልጅ አብልቶ በማስተኛት፣ በዕድር በመገኘትና በቡና በመጠራራት የሚሠራ ነው። ተከራይና ወታደር ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ ሊሠሩት ይገባል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተሰጣቸው አያውቁምና። ነገር ግን ጎረቤትነት ብቻውን አይበቃም። ፍቅር ያለበት ቦታ ወረቀት አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ ፍቅር ጸንቶ የሚቆየው ሁለቱም ወገን ነገ የሚሆነውን ሲያውቁ ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምታከራዩ ወላጆች ሆይ! ተከራያችሁ ልጅ በትምህርት ቤት እንዳለው አስቡለት፤ ዋጋ መጨመር ግድ ከሆነባችሁም ጊዜ ስጡት። የምትከራዩም ወላጆች፣ የቤቱ ባለቤት ከእናንተ የባሰ ችግር ሊኖርበት እንደሚችል አትዘንጉ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በመንደራችን የአዲስ ጎረቤት ዕቃ ከመኪና ሲወርድ ባየን ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ሳንጠይቅ ፍራሹን በአንድ ወገን እንያዝለት። ለአንድ ዓመትም ቢሆን፣ ለሁለት ወርም ቢሆን፣ እስካለ ድረስ ጎረቤታችን ነው።