ተኝቶ የሚበላ

ደብተሩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑን ካውያ በስቶታል። መሀል ላይ ካሉት ገጾች በአንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ባዶውን፦ 3.9 ዋት» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያሰመረችው ተለማማጇ ናት፤ እንዳየው ብላ ነው። አይቼዋለሁ። አይቼም ደብተሩን ከድኜ፣ ቡና አዝዢልን ብዬ ላክኋት።

ነገሩ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሦስት ሠራተኞች ጋር የምሠራባት ጠባብ ወርክሾፕ ነበረችኝ። ቴሌቪዥን፣ ዲኮደርና ስታቢላይዘር እየጠገንን እንኖራለን። ሌላው የሠራውን ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ ባለሙያ አንድ ምኞት አለው፤ አንድ ቀን የራሱን ሠርቶ፣ ሌላ ሰው ሲጠግነው ማየት። ያ ቀን የመጣልኝ መሰለኝ። በገጠር ጤና ኬላዎች ሶላር የሚተክል አንድ ድርጅት፣ የ24 ቮልት ባትሪን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ባለ 60 ዋት ፓወር ሰፕላይ እዚሁ አገር ውስጥ የሚሠራለት ሰው ይፈልግ ነበር። ለጊዜው 60 ፍሬ። ካማረ 400 ይከተላል ተባለ። ውሉ ላይ ስለ ኃይል አጠቃቀም የሰፈረችው አንዲት መስመር ናት፤ በሙሉ ጭነት ብቃቱ ከ85 በመቶ እንዳያንስ ትላለች።

ጥፋቱን በዚያች መስመር ላይ ባሳብብ ይቀለኝ ነበር። ግን ውሉን ያረቀቀው ሰው ኤሌክትሮኒክስ አላውቅም ብሎ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሙያው ለሌለው አንባቢ ነገሩን በጣሳ ላስረዳ። የድሮው ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ከ24 ቮልት 12 ሲያወጣ ትርፉን በሙቀት ያቃጥለዋል፤ ግማሹን ውኃ መሬት ላይ እያፈሰሰ እንደሚያጠጣ ሰው ነው። ስዊቺንግ የሚባለው ግን ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳ ታች ያለውን ባልዲ ይሞላል። ጣሳው ሞስፌት የሚሉት ትራንዚስተር ነው፤ የእኛ ዕቃ በሰከንድ 100,000 ጊዜ ይቀዳ ነበር። ጣሳው በተነከረ ቁጥር ጥቂት ጠብ ይላል። ከባልዲው ብዙ ሰው ሲጠጣ ያ ጠብታ ከቁጥር አይገባም። ጠጪ በሌለበት ሌሊትም ግን ጣሳው ያው 100,000 ጊዜ ይነከራል፤ ጠብታውም ያው ይፈሳል። እንግዲህ ያ ዕቃ የሚሄደው ወደ ጤና ኬላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ሦስት አምፖል ያበራል፤ ስልክና ሬዲዮ ይሞላል። 60 ዋት የሚጠጣ ሰው አንድም ቀን አይመጣበትም።

ይህ ያኔ አዲስ ጥበብ አልነበረም። በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የሆነው አለን ማየር፣ ጠፋ ተብሎ እንደተሰካ የሚተው ዕቃ ሁሉ ከ1 ዋት በላይ አይብላ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ በ2008 ደንብ አድርጎ አወጣው፤ ከ2010 ጀምሮ 1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ግማሽ ዋት። እኔ ውሉን የፈረምኩት በዚያው በፈረንጆቹ 2013 ማለቂያ ነው። የግድግዳ ሶኬት ባላቸው አገሮች፣ መብራት እንደ ልብ በሆነበት ቤት፣ ተኝቶ የሚበላ ዕቃ ግማሽ ዋት እንዳያልፍ ሕግ ወጥቶበታል። የእኔው ከአንዲት የ80 ዋት ሶላር ፓነል ተቀልቦ የሚያድር ነው። ይህን ሁሉ አንብቤው ነበር፤ ለሠራተኞቼም ከአንዴ በላይ አውርቼላቸዋለሁ። ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ክፍሎች ተከራይተው ይኖሩ ነበር እኔ ዘንድ።

ልጅቱ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣች ናት። ዝምተኛ ናት፤ ካውያ አያያዟ ግን ከሁላችንም ይሻላል። አንድ ማታ ሳትነግረን ቴስተሩን ባትሪው ላይ አገናኝታ፣ መውጫው ላይ ምንም ሳትሰካ አሳደረችው። ጠዋት ስገባ ደብተሯን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተኝቶም ይበላል።»

«ተኝቶ የማይበላ ማን አለ?» አልኳት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ቀጥላ የሠራችውን ሳስበው አሁንም ያመኛል። 3.9 ዋቱን ተንትና ማን ምን እንደበላ ለየችው። መውጫው ላይ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ነበረ፤ ጭነት ሲጠፋ ቮልቴጁ እንዳይወጣ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። 12 ቮልት ሌት ተቀን እላዩ ላይ ሲያርፍ 1.44 ዋት ይሆናል። ትራንስፎርመሩን በእጃችን ስለጠመጠምነው ሞስፌቱ በተዘጋ ቁጥር የቮልቴጅ ጩኸት ያወጣ ነበር፤ ጩኸቱን ለማፈን ባለ 4.7 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከሬዚስተር ጋር አስሬበታለሁ። 60 ቮልት በሰከንድ 100,000 ጊዜ ሞልቶ ሲራገፍበት ወደ 1.7 ዋት ይበላል። የቀረውን ወደ 0.8 ዋት የምትበላው መቆጣጠሪያዋ አይሲ ናት፤ 12 ቮልት የሚበቃትን በድሮው ዘዴ ከ24 ላይ እያቃጠልኩ ነበር የማበላት። ሦስት ሌቦች ናቸው። ሦስቱንም ቤት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዳቸውን ያስገባሁት ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ለመገላገል ነው።

መፍትሔውንም ጽፋዋለች። ትራንስፎርመሩ ላይ ሦስተኛ ጥምጥም ጨምረን አይሲዋን ከዚያ እንመግባት። ዋናውን ጥምጥም ለሁለት ከፍለን ሁለተኛውን መሀል እናስገባው፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ካፓሲተሩም ያንሳል። አይሲዋን ደግሞ ጠጪ ሲጠፋ ጣሳዋን አስቀምጣ በምትተኛው ዓይነት እንተካት፤ ባልዲው ሲጎድል ብቻ ነቅታ ጥቂት ቀድታ ተመልሳ ትተኛለች። ያን ጊዜ ሬዚስተሩም አያስፈልግም። ከግማሽ ዋት በታች እንገባለን ብላ ገመተች። እንዲህ ያለችውን አይሲ ዱባይ ያለ የአንዱ ሠራተኛችን ወንድም በሻንጣ ሊልክልን ይችል ነበር። የአንዷ ዋጋ ከማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ማስረከቢያችን ገና ሦስት ሳምንት ነበረው።

ሦስት ሳምንት። እኔ በሦስቱ ሳምንት ምን እንደሠራሁ ልንገራችሁ። በሙሉ ጭነት ብቃታችን 84 በመቶ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንዲት ነጥብ ጎደለችን። እሷን አሳደድኩ። መውጫው ላይ ያለው ሾትኪ ዳዮድ ግማሽ ቮልት ያህል ይይዛል፤ 5 አምፔር ሲያልፍበት 2.5 ዋት በሙቀት ይሄዳል። አውጥቼ በቦታው 10 ሚሊኦም ብቻ የሆነ ሞስፌት አስገባሁ፤ ዋናው ሲዘጋ እሱ እየተከፈተ ያሳልፋል። ብክነቱ በብዙ ቀነሰ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ ሞስፌቶች ለአፍታ እንኳ አብረው ቢከፈቱ ይነዳሉ፣ እኔም አሥራ አንድ አቃጥያለሁ። ሌሊት ሌሊት ኦሲሎስኮፕ ላይ አፍጥጬ የጊዜ ክፍተቱን በናኖሰከንድ አስተካከልኩ። 86 በመቶ ተኩል ላይ ስደርስ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ቢራ ጋበዝኩ።

ልጅቱ በማግስቱ ባዶውን ለካችው። 4.6 ዋት። ከፍ ብሏል። አዲሱን ሞስፌት ለመክፈትና ለመዝጋት ራሱ ኃይል ይፈጃል፤ ደግሞ እንደ ዳዮድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለማያሳልፍ፣ ጭነት ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ያለ ሥራ ሽቦውን ያሞቃል። ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ሞስፌቱ ከገባ ወዲህ ያ የ100 ኦም ሬዚስተር ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ካውያ አሙቆ መንቀል ነው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ። ለአንድ ደቂቃ እንኳ እጄ አልሄደም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

«ውሉ የሚለው ሙሉ ጭነት ነው፤ አንቺ ስለ ባዶ ታወሪኛለሽ» አልኳት። ደግማ አላነሳችውም።

ርክክቡ ጥር ላይ ሆነ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐይዋ ትፋጃለች። የድርጅቱ ሰዎች ሙሉ ጭነት ሰክተው ለኩ፣ 86.4 አነበቡ፣ ጨበጡኝ። በጥር ፀሐይ የማይሠራ ሶላር የለም። ፓነሏ በቀን ወደ 340 ዋት-ሰዓት ታስገባለች፤ የእኔ ዕቃ ተኝቶ የሚበላው 110 ነው፤ መብራቱ፣ ስልኩና ሬዲዮው ተደምረው 70 አይሞሉም። ተርፎ ይፈሳል።

ሒሳቡ የሚፋረደው ክረምት ሲገባ ነው። ኬላዎቹ ባሉበት በጮቄ ተራራ ግርጌ ሐምሌና ነሐሴን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ደመናው ጣሪያ ላይ ተኝቶ ይውላል። ያቺው ፓነል 140 ካስገባች እሰየው ነው። ለሰዎቹ 70 ተሰጥቶ፣ ለባትሪው መጠባበቂያ ተርፎ፣ ይበቃ ነበር። ሰዎቹ ሳይጠጡ ግን የእኔ ዕቃ 110ሩን ወስዶታል። ባትሪው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጎደለ ሄደ። የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ መክረም አይችልም፤ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና አቅሙ ይሞታል። የመጀመሪያውን ክረምት እንደምንም ወጡት። ሁለተኛውን አልወጡትም።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብልሽት እንዳይ ተብዬ ወደ አንዱ ኬላ ሄድኩ። የጤና ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ በእጇ ሻይ አቀረበችልኝ። አመሻሹ ላይ አምፖሎቹ ቦግ ብለው በርተዋል። ታዲያ ምኑ ተበላሸ ብዬ ስጠይቅ ፈገግ አለች።

«የእርስዎን አውጥተነዋል፣ ኢንጂነር።»

ከሰፈሩ ሬዲዮ የሚነካካ አንድ ልጅ መጥቶ ነገሩን አይቶታል። 24 ቮልቱ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው የሠሩት ነው። ልጁ አምፖሎቹን በቀጥታ ከአንደኛው ባትሪ ጋር አገናኛቸው። በቃ። አንዱ ብቻውን እንዳይደክም ሰኞ ሰኞ ባትሪዎቹን ያቀያይራሉ። የእኔ ፓወር ሰፕላይ፣ 86 በመቶ ተኩሉ፣ አሥራ አንድ ሞስፌት የተቃጠለበት፣ የካርድ መደርደሪያው እንዳይወላገድ አንደኛው እግር ሥር ተደርጓል። አልሙኒየም ሳጥኑ ጠንካራ ስለሆነ ልክ መጥቶለታል። ልጁን ላገኘው ፈልጌ ነበር፤ ገበያ ሄዷል አሉኝ። አልጠበቅኩትም። ምን እለዋለሁ?

400ው ከውጭ መጣ። ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ የተለየ ጥበብ የለበትም። አይሲዋ የምትተኛ ናት፣ ሦስተኛ ጥምጥም አለው፣ ሬዚስተሩ የለም። ደብተሩ ላይ ያለው ሥዕል ማለት ነው።

ወርክሾፗ ዛሬ እኔና አንድ ልጅ ብቻ ቀርተንባታል፤ የምንጠግነውም በብዛት የኤልኢዲ ቴሌቪዥን ነው። አምና ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ደብተሩን አውጥቼ እንዳለች ሠራሁት። አንድም ነገር ከራሴ አልጨመርኩም። ሙሉ ጭነት ላይ 85 ነጥብ ጥቂት፤ ውሉን ይሞላ ነበር። ባዶውን አሳድሬ ጠዋት ለካሁት። 0.3 ዋት። በቀን ሰባት ዋት-ሰዓት ቢሆን ነው።

እሷ ልምምዷን ጨርሳ ስትሄድ ቆይ ብዬ አልለመንኳትም። 400ው ሲመጣ እጠራታለሁ ብዬ ነበር። አሁን ባንክ ትሠራለች፣ መስኮት ላይ። ያወቅኩት ባለፈው ታኅሣሥ ለወርክሾፑ ኪራይ ገንዘብ ላወጣ ገብቼ ነው። ቀና ሳትል ትቆጥራለች፤ ጣቶቿ ያኔ ካውያ ሲይዙ እንደነበረው ናቸው። ከፊቴ ሦስት ሰው ነበር። ቁጥሩን ነግሬያት ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ቆምኩ። ከዚያ ሁለት ሰው ቀረ፣ ከዚያ አንድ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ወደቆሙት እናት ዞሬ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው፤ ወደ ሌላኛው መስኮት ሄድኩ።