የዓይን ቢጫነት ሁሉ የወፍ በሽታ አይደለም

ልጅዎን ጉንፋን ይዞት ሲለቀው እፎይ ብለው ወደ ሥራዎ ተመልሰው ያውቁ ይሆናል። እኔም በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጄ ሦስት ቀን አተኩሶት፣ ጉሮሮውን አሞት ተነሣ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ደረጃ መውጣት ታከተው፤ ኳሱን ትቶ አልጋው ላይ መጋደም አበዛ። ለማተሚያ ቤት የሚደርስ ጽሑፍ ስለ ነበረብኝ፣ ክረምቱ ነው እያልሁ አለፍሁት። ስለ ሕፃናት ጤና ለሌሎች የምጽፍ ሴት የገዛ ልጄን ፊት ልብ ብዬ አለማየቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያስተዋሉት እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። «አንቺ፣ የልጅሽ ዓይን እኮ ቢጫ ሆኗል! የወፍ በሽታ ነው። መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰው አሉ፤ ነገ በጠዋት እወስድሻለሁ» አሉኝ። እኔም እሺ ብያቸው ነበር። ሌሊት ልጁ ፖፖ ላይ ሲሸና መብራት ባበራ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ ብመለከት፣ ቀይ መሆን የሚገባው ሥጋ ነጥቷል። ምላሱም እንዲሁ። ልቡ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ጠዋትን ሳልጠብቅ ሐኪም ቤት ወሰድሁት።

ደሙ ሲመረመር ሄሞግሎቢኑ 6 ብቻ ሆነ፤ በዕድሜው ከ11 በላይ ሊሆን ይገባ ነበር። ወባም ተፈልጎ አልተገኘም። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ ሰውነታችን ቫይረስን ለመዋጋት የሚሠራው መከላከያ አልፎ አልፎ ይሳሳትና የራስን ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። 120 ቀን ያህል መኖር የሚገባው ሕዋስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈርሳል፤ መቅኔው አዲስ ደም ቢያመርትም አይደርስለትም። ዓይንን ቢጫ ያደረገው ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቀለም ነው እንጂ ጉበቱስ ደኅና ነበር። ሽንት በጉበት በሽታም ይጠቁራል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከቢጫነቱ ጋር የመጣው ያ ንጣት ነበር።

ይህን የሚለየው የኩምብስ ምርመራ የሚባለው ሲሆን፣ ሮቢን ኩምብስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1945 በእንግሊዝ አገር ያስተዋወቀው ነው። የልጄም ሕመም በዚሁ ታወቀ።

እኔ ጉበትና ቀይ ሥር ላበላው ተነሥቼ ነበር። «ብረት አላነሰውም፤ ያለው ደም ነው የሚፈርሰው» አሉኝ ሐኪሟ። ባለቤቴም እጅጌውን ሰብስቦ ደም ልስጥ አለ። ለካ እሱም ቀላል አይደለም! ያ የተሳሳተ መከላከያ የሌላውንም ሰው ደም ስለሚያጠቃ የሚስማማ ደም ማግኘት ያስቸግራል። ቢሆንም ለሕይወት ካሰጋ መስጠት ግድ ስለሚሆን ደሙ ተዘጋጅቶ ቆየ፤ ልጁ ግን ፕሬድኒሶሎን በተጀመረለት በሳምንቱ ቀለሙ መመለስ ጀመረ።

ሁለተኛውን ጥፋት ልሠራ የነበረው ያን ጊዜ ነው። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ኳሱን ይዞ ወጣ። መድኃኒቱ ጉንጩን ስላሳበጠውና ሆዳም ስላደረገው፣ «ድኗል፤ ለምን አላቆምለትም?» አልሁ። ደግነቱ አስቀድሜ ጠየቅሁ። ሐኪሟ ተቆጡኝ። በድንገት ቢቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ ከመቻሉም በላይ፣ ክኒኑን የለመደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን በቶሎ ማመንጨት ስለሚያቅተው ልጁ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በትእዛዛቸው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ከወራት በኋላ ቆመ።

እትዬ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን የሌላ ጎረቤት ልጅ ዓይን ቢጫ ሆኖ ቢያዩ፣ የዓይኑን ቆብ ራሳቸው ገልጠው አይተው እናቲቱን ወደ ሐኪም ቤት ሰደዷት።